ከመኖሪያ ቤት ተለይቶ የሚሠራ የመኪናና የእርሻ መሣሪያ ቤት፤ ዕቅዱና በጀቱ



ቀደም ሲል የገበሬ ሀብት በሬ፣ ሞፈርና ቀንበር ነበር። በሬው በጋጣ ያድራል፤ ሞፈሩም ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ይከርማል። ዛሬ ግን በብዙ ቀበሌ ባጃጅ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ የእጅ ትራክተር፣ የመድኃኒት መርጫና የመውቂያ መሣሪያ ገብቷል። እነዚህ ዕቃዎች በብዙ ገንዘብ፣ አብዛኛውን ጊዜም በብድር ወይም በእቁብ የተገዙ ናቸው። ሆኖም ፀሐይ ጎማቸውን ሲያደርቀው፣ ዝናብ ብረታቸውን ሲያዝገው እያየን እንተዋቸዋለን። ያለዚያም ከነቤንዚናቸው ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ እናሳድራቸዋለን።

ስለዚህ ብዙ ገበሬ የመኪና ቤት ለመሥራት ይነሣል። በከተማ ጋራዥ ሲባል መኪና የሚጠገንበት ቦታ ማለት ነው፤ በዚህ ትምህርት ግን የምንናገረው መኪናና መሣሪያ ስለሚያድርበት ቤት ነው። ቤቱን መሥራት አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው ሳያሰሉ መጀመር ነው። ሳያሰላ የጀመረ ሰው ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ገንዘቡ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ግድግዳው ክረምት ሲወርድበት ማየት ወይም በሬ ሸጦ መጨረስ። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ማንም ገበሬ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንደኛው ላይ እንዳይወድቅ ነው።

1. ስለ ምን ከመኖሪያ ቤት ይለያል?

ቤንዚን ከሚፈላ ውሃ ይልቅ የሚያሠጋ ነገር ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ በወለል ላይ እየተሳበ ሄዶ ከምድጃ እሳት ጋር ይገናኛል። እንደዚሁም ከሞተር የሚወጣው ጭስ ሽታው ቢቀንስም እንኳ የሚገድል መርዝ አለበት። ሞተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢነሣ፣ በአጠገቡ የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ሊሞቱ ይችላሉ።

እሳት በተጠጋጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ መርካቶ በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ የብዙ ነጋዴ ንብረት ወድሟል። ሱቅ ከሱቅ በተጣበቀበት ስፍራ እሳትን በአንድ ቤት ወስኖ ማቆም ጭንቅ ነው። ገበሬ ግን ሰፊ ግቢ አለው፤ ቤትን ከቤት ማራቅ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። ይህን ትልቅ ጥቅም በከንቱ አንጣለው።

2. ስፍራ መምረጥ

ችካል ከመትከልዎ በፊት የሚከተሉትን ይመልከቱ።

ሀ. ከመኖሪያው ቤትና ከማድ ቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ከጭድ ክምርና ከሣር ክዳን ቤት ግን ቢቻል ከዚያ እጥፍ ይራቅ።

ለ. ነፋስ በብዛት የሚነፍስበትን አቅጣጫ ይወቁ። የማድ ቤቱ ፍንጣሪ ወደ መኪናው ቤት የሚነዳበት ስፍራ አይሆንም።

ሐ. ውሃ የሚተኛበት ረባዳ ቦታ አይመረጥ። በክረምት የት የት ውሃ እንደሚቆም ከቤተ ሰቡ ሁሉ ይልቅ የሚያውቁት በየቀኑ በግቢው የሚመላለሱት ሴቶች ናቸውና እነርሱን ይጠይቁ።

መ. መኪናው ከመንገድ ገብቶ ሳይጨነቅ የሚዞርበት በቂ ቦታ ይኑር።

ሠ. ከውሃ ጉድጓድ ይራቅ። የፈሰሰ ዘይትና የፀረ ተባይ መድኃኒት ወደ ጉድጓድ እንዳይሰርግ ነው።

ረ. ይዞታው በደብተር የተረጋገጠ መሆኑንና በዚያ ላይ ቤት ለመሥራት ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደሆነ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ። ከተማ ቀመስ በሆነ ስፍራ ያሉ ገበሬዎች ይህን ከሁሉ በፊት ያድርጉ። የፈረሰ ቤት በጀት የለውም።

3. ልኩን መወሰን

ቤቱ ስንት በስንት ይሁን ብለን ከመጠየቃችን በፊት ዕቃውን መለካት ይገባል። ባጃጅ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ30፣ ቁመቱም 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዙሪያው ሰው ተንበርክኮ ጎማ የሚፈታበት ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ይተው። ከዚያ በኋላ የእጅ ትራክተሩን፣ የውሃ መሳቢያውንና የመሣሪያ መደርደሪያውን ይጨምሩ።

ሁለተኛው ነገር በብዙዎች ዘንድ የሚረሳው ነው። የቤቱ ልክ ከቆርቆሮው ልክ ጋር መስማማት አለበት። ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር እየሆነ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ በጎን ሲደረብ ግን የሚሸፍነው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልኩን ሳያሰላ የሚሠራ ሰው የገዛውን ቆርቆሮ እየቆረጠ ይጥላል።

በዚህ ትምህርት ለምሳሌ የወሰድነው ቤት ወርዱ 4 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ጣራው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብል ሲሆን ተዳፋቱ በየሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዱ ረጅም ግድግዳ 2 ሜትር ከ40፣ ሌላው 3 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። በሩ በ4 ሜትር ተኩሉ ጎን ላይ ይሆናል፤ ወርዱ 2 ሜትር ከ80፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ20።

ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማወቅ ሲባጎ ይወጥሩና ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ይለኩ። በሁለቱም አቅጣጫ ልክ 7 ሜትር ተኩል ከመጣ ቤቱ ቀጥ ብሏል። ካልመጣ ግን ችካሉን ያስተካክሉ። ይህ ሥራ የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ጠማማ በሆነ ቤት ላይ ቆርቆሮ ማስተካከል ግን ሙሉ ቀን ይፈጃል።

4. የሚያስፈልገውን ዕቃ መቁጠር

በጀት ከዋጋ አይጀምርም፤ ከቁጥር ይጀምራል። ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። በተለይም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ዛሬ የተጠየቀ ዋጋ ለከርሞ አያገለግልም። የዕቃው ቁጥር ግን አይለወጥም። ቁጥሩን አንድ ጊዜ በደንብ ከጻፉ፣ የትም ገበያ ቢሄዱ ዋጋውን ብቻ መሙላት ይበቃል።

ጣራ። ጣራው በፊት 60፣ በኋላ 35 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ኖሮት በተዳፋቱ ላይ 5 ሜትር ከ56 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስት ቆርቆሮ በ22 ሳንቲ ሜትር እየተደራረበ ይህን ሳይቆረጥ ይሸፍናል። በርዝመቱ በኩል በሁለቱም ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ሲጨመር 6 ሜትር ከ90 ይሆናል፤ ይህም ለ9 ረድፍ ቆርቆሮ ልክ ነው። 3 ጊዜ 9፣ 27 ቆርቆሮ።

ቤቱን ለማስረዘም የሚፈልግ ሰው በ1 ሜትር ተኩል፣ በ1 ሜትር ተኩል እየጨመረ ይሂድ። ለእያንዳንዱ ጭማሪ 2 ረድፍ፣ ማለት 6 ቆርቆሮ ይጨምራል። ለምሳሌ ፒክአፕ መኪና ላለው ሰው 7 ሜትር ተኩል ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ቆርቆሮውም 33 ይሆናል።

እንጨት። ቋሚዎቹ በየ1 ሜትር ተኩሉ ይተከላሉ። በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች 5፣ 5፤ በጀርባ 2፤ በበሩ ግራና ቀኝ 2፤ ድምር 14 ነው። እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ስለሚገባ፣ 9 ቋሚ ባለ 4 ሜትር፣ 5 ቋሚ ባለ 3 ሜትር ይገዛል። በግድግዳው አናት የሚጋደም 2 አግዳሚ፣ እያንዳንዱ 7 ሜትር፤ 5 ወራጅ፣ እያንዳንዱ 6 ሜትር። ወራጁ ውፍረቱ ከ12 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ ከቋሚው ጋር የሚያያዝ ሰያፍ ደጋፊም ይደረግለት። ቆርቆሮ የሚመታበት ሞራሌ 7 ረድፍ ሲሆን፣ መቀጣጠያውን ጨምሮ 55 ሜትር ያህል ነው።

ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአገራችን የቤት አጥንት ሆኗል። በግቢው ያለው ገበሬ ከሦስት ወር በፊት ቆርጦ፣ ልጦ፣ በጥላ ያድርቀው። እርጥብ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይጣመማል፤ ሚስማሩንም ይለቃል። መሬት ውስጥ የሚገባው ጫፍ ምስጥ እንዳይበላው ሬንጅ ይቀባ፤ ዙሪያውም በድንጋይ ይጠቅጠቅ።

ግድግዳ። የአራቱ ግድግዳ ስፋት ከበሩ ሌላ 54 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ይህን በቆርቆሮ ለመሸፈን ወደ 40 የሚጠጋ ቆርቆሮ ይፈልጋል። ልብ ያድርጉ፤ ግድግዳው ከጣራው የበለጠ ቆርቆሮ ይበላል። በጭቃ የተመረገ እንደሆነ ግን ማገሩ፣ አፈሩና ጭዱ ከግቢ ስለሚገኝ ይህ ሁሉ ወጪ ይቀራል። ከዚህም በላይ ጭቃ እሳትን ይከላከላል። ከሥሩ 50 ሳንቲ ሜትር በድንጋይ ቢካብ የዝናብ ፍንጣቂ አያጠፋውም።

ወለል። ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስሰው እዚህ ላይ ነው። ሙሉውን ወለል በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በኮንክሪት ለመሙላት 2 ነጥብ 7 ሜትር ኩብ ስለሚሆን፣ በ1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር ስሌት 18 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈልጋል። ነገር ግን ክብደት የሚያርፈው በጎማው ሥር ብቻ ነው። ባለ አራት ጎማ መኪና ላለው ሰው ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት መንገድ ቢሞላ 5 ከረጢት ይበቃል። ባጃጅ ግን የፊት ጎማው መሐል ላይ ስለሆነ ሁለት መንገድ አይሆንለትም፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ አንድ ንጣፍ ይደረግለት፤ ይህም 7 ከረጢት ነው። የቀረው ወለል በድንጋይና በጠጠር ይጠቅጠቅ። ከ18 ወደ 7 ሲወርድ 11 ከረጢት ተረፈ ማለት ነው።

5. ገበያ፤ ተክለ ሃይማኖትና መርካቶ

ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ሰው አውቶቡስ ተራ ወርዶ ዕቃ ፍለጋ ወደ መርካቶና ወደ ተክለ ሃይማኖት ይወጣል። ይህ ገበያ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ያገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ወደዚህ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ የተስፋፋ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ አለው። የመኪና መለዋወጫ የሚፈልግ ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። ያገለገለ ብረት፣ ማጠፊያና በርሜል የሚፈልግ ምናለሽ ተራን ይጎበኛል። ለአንድ ገበሬ የመኪና ቤት በር፣ አሮጌ የብረት ማጠፊያ ከአዲሱ የማያንስ አገልግሎት ይሰጣል።

ወደ መርካቶ መሄድ ግን ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። በስሌት እንየው። አንድ ቆርቆሮ በመርካቶ ከወረዳው ከተማ ይልቅ በ40 ብር ቢረክስ እንበል። በ27 ቆርቆሮ የሚገኘው ትርፍ 1,080 ብር ነው። የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የማደሪያ፣ የምግብ፣ የተሸካሚና የጭነት ሒሳብ ሲደመር ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ገበሬው በከንቱ ደከመ። ነገር ግን 5 ጎረቤታሞች አብረው 135 ቆርቆሮ ቢገዙና አንድ ሰው ልከው በአንድ መኪና ቢያስጭኑ ትርፉ 5,400 ብር ይሆናል፤ ወጪውም ለአምስት ይከፈላል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ ለብቻ ከሆነ በቅርብ፣ በኅብረት ከሆነ በመርካቶ።

ገበያ የሚሄድ ሰው የሚከተሉትን ይጠንቀቅ።

ሀ. የዕቃውን ዝርዝር በወረቀት ይዞ ይሂድ። ቢያንስ በሦስት ሱቅ ጠይቆ በዝርዝሩ ጎን ዋጋውን ይጻፍ፤ በመጀመሪያው ሱቅ አይግዛ።

ለ. የቆርቆሮ ውፍረት በቁጥር ይታወቃል። ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። ባለ 28 ቁጥር ከባለ 32 ይወፍራል፤ ባለ 32 ደግሞ ከባለ 35 ይወፍራል። ርካሽ ነው ተብሎ 35 ቁጥር የገዛ ሰው በረዶና ነፋስ በበዛበት አገር ቶሎ ይጸጸታል። በቁጥሩ የተጠራጠረ ሰው እኩል ልክ ያላቸውን ሁለት ቆርቆሮዎች በሚዛን ያስመዝን፤ ስስ የሆነው ይቀላል።

ሐ. ቆርቆሮውን ሲረከብ አንድ በአንድ ይቁጠር። የቆርቆሮ ሚስማር በኪሎ ስለሚሸጥ፣ ለ27 ቆርቆሮ 300 ያህል ሚስማር እንደሚያስፈልግ ነግሮ ያስመዝን።

መ. ደረሰኝ ይቀበል። በባንክ ወይም በስልክ መክፈል ሲቻል ጥሬ ገንዘብ ይዞ በገበያ መሐል አይዙር።

6. በጀት ማውጣት

ከዕቃው በፊት የሚጻፍ ሌላ ዝርዝር አለ፤ ይህም የማይነካ ገንዘብ ዝርዝር ነው። የዘርና የማዳበሪያ፣ እስከሚመጣው አዝመራ ድረስ የቤተ ሰብ ቀለብ፣ የልጆች ትምህርት፣ የብድር ክፍያ። ይህ ሳይነሣ በእጅ ያለውን ገንዘብ ሁሉ «የቤት መሥሪያ» ማለት ስሕተት ነው።

ቀጥሎ የተጻፈው ሒሳብ ለመለማመጃ እንዲመች የተሰላ ነው፤ እያንዳንዱ በአገሩ ዋጋ ይለውጠው።

የዕቃ ዋጋ ሁሉ ........ 110,000 ብር
ጭነትና ተሸካሚ ........ 8,000 ብር
አናጢ፣ ግንበኛና የቀን ሠራተኛ ........ 34,000 ብር
የደቦ ምግብና መጠጥ ........ 8,000 ብር
ድምር ........ 160,000 ብር
ለማይታወቅ ወጪ፣ ከመቶ 15 ........ 24,000 ብር
ጠቅላላ ........ 184,000 ብር

ከመቶ 15 የተጨመረው ለቅንጦት አይደለም። ዋጋ ሲወጣ፣ እንጨት ሲሰበር፣ ዝናብ ሥራ ሲያስተጓጉል የሚወጣ ነው። ሳይነካ ከተረፈ ደግሞ ለአሸንዳ ይሆናል።

አሁን ይህን ሒሳብ ይዘን አንዲት የልማት ሠራተኛ ከአንድ ቤተ ሰብ ጋር የተነጋገረችውን እንደ ምሳሌ እናንብብ።

ባል፦ ልጄ፣ ዘንድሮ እህሉ ደህና ሸጧል፤ 250,000 ብር በእጃችን አለ። ቤቱ 184,000 ብር ነው ካልሽ፣ ነገ አናጢ ልጥራ?

የልማት ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ቆይ እስቲ በመጀመሪያ የማይነካውን እንጻፍ። ማዳበሪያና ዘር ስንት ይሆናል?

ባል፦ 60,000 ብር።

ሚስት፦ የልጆቹ ትምህርት 20,000 ብር ነው። የባጃጁ ዕዳና ቀለባችንስ? እሱም 70,000 ብር ይሆናል።

የልማት ሠራተኛ፦ ድምሩ 150,000 ብር ሆነ። እንግዲህ ለቤቱ የሚቀረው 100,000 ብር ብቻ ነው። 84,000 ብር ይጎድላል።

ባል፦ እንግዲያው አንዱን በሬ ልሽጠው።

ሚስት፦ በሬው ተሽጦ በምን ይታረሳል? መኪናው ቤት ገብቶ እኛ ሜዳ ልንቀር ነው? ደግሞ ደቦ በነጻ ይመስልሃል። የጌሾው፣ የብቅሉ፣ የጤፉ ወጪ የሚወጣው ከኔ ጎታ ነው።

የልማት ሠራተኛ፦ እትዬ እውነት ተናገሩ፤ ስለዚህ ነው የደቦውን 8,000 ብር በበጀቱ የጻፍነው። ጋሼ፣ በሬው አይሸጥ። ሥራውን በሁለት ዓመት እንክፈለው። ዘንድሮ ቋሚውንና ጣራውን ብቻ እንሥራ፤ ከነመጠባበቂያው 96,000 ብር ይሆናል። ከርሞ ግድግዳውን፣ ወለሉንና በሩን፤ 88,000 ብር።

ባል፦ ግድግዳ የሌለው ቤት ምን ይረባል?

የልማት ሠራተኛ፦ ጣራ ብቻ ያለው ቤት ፀሐይና ዝናብ ይከላከላል። ግድግዳ ብቻ ያለው ግን ክረምት ያፈርሰዋል። ዘንድሮ የሚተርፈው 4,000 ብር ለከርሞ ይቀመጣል። የቀረውን 84,000 ብር ባጃጁ ከሚያስገባው በወር 7,000 ብር እቁብ ቢጥሉ በ12 ወር ይሞላል።

ሚስት፦ እንዲህ ከሆነ ይሁን። ግን ቦታው ከማድ ቤቱ ጀርባ እንዳይሆን፤ ማታ ማታ ፍንጣሪው ወደዚያ ነው የሚሄደው።

ከዚህ ንግግር የምንማረው ዋና ነገር ይህ ነው። ሥራው የተከፋፈለው በየትኛውም ደረጃ ቢቆም የተሠራው ክፍል ጥቅም እንዲሰጥ ሆኖ ነው። መጀመሪያ ቋሚና ጣራ፤ ሁለተኛ ግድግዳ፤ ሦስተኛ ወለል፤ አራተኛ በር። አንዱ ደረጃ ሳያልቅ የሌላው ደረጃ ዕቃ አይገዛ። አስቀድሞ የተገዛ ሲሚንቶ ከሦስት ወር በላይ ሲቀመጥ ኃይሉ ይደክማል፤ እርጥበት ካገኘውም ድንጋይ ይሆናል።

7. የሥራ ጊዜ

መስከረምና ጥቅምት፦ እንጨት ይቆረጣል፣ ይላጣል፣ ይደርቃል። ቦታ ይመረጣል፤ ፈቃድ ይጠየቃል።

ታኅሣሥና ጥር፦ ጤፍ ከተወቃ በኋላ ጭድ ስለሚገኝና ገንዘብም ስለሚገባ ዕቃ ይገዛል፤ ቋሚ ተተክሎ ጣራ ይመታል።

የካቲትና መጋቢት፦ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቦካል። ከዚያ በኋላ በደቦ ይመረጋል። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በሁለተኛው ምርጊት ይደፈናል።

ሚያዝያና ግንቦት፦ ወለልና በር። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን በውሃ ይርጠብ፤ እስከዚያም መኪና አይነዳበት።

ሰኔ ሲገባ ማናቸውም ሥራ ማለቅ ወይም መቆም አለበት። ገበሬው ወደ እርሻው ይመለስ።

8. ከሠራተኛ ጋር መዋዋል

ውል በቃል አይሁን። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ዕቃ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በሁለት ምስክር ፊት ይፈረም። ክፍያው ሦስት ይሁን። ሲጀመር ጥቂት፣ ጣራው ሲመታ አብዛኛው፣ ሥራው ታይቶ ሲያልቅ የቀረው ይከፈል። ሙሉውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው አናጢውን ፍለጋ ይዞራል።

ጣራ ሲመታ ባለቤቱ ይገኝና ሦስት ነገር ይመልከት። ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታቱን፣ በጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውሃ ያስገባልና። ወራጁ ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ መታሰሩን፣ ያለዚያ ነፋስ ጣራውን ያነሣዋልና። የታችኛው ቆርቆሮ አስቀድሞ፣ የላይኛው ኋላ መመታቱን።

9. ጣራው የሚሰጠው ሌላ ጥቅም

ጣራው ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል 7 ሜትር አሸንዳ ብቻ ይበቃዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ይህ ጣራ ወደ 37 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ 20 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን የሚባክነው ተቀንሶ ወደ 600 ሊትር፣ ማለት ሦስት በርሜል ውሃ ይሰጣል። ለከብት፣ ለጎመን መደብና መኪና ለማጠብ ይሆናል።

10. ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ

ሀ. በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። በግድግዳው ግርጌና አናት የአየር ማስገቢያ ይተው፤ የቤንዚን ትነት ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ የታችኛው እንዳይረሳ።

ለ. ሞተር በሩ ተዘግቶ አይነሣ። በዚያ ቤት ሰው አይተኛ፤ ከሰልም አይነድ።

ሐ. ቤንዚን በብረት ወይም ለነዳጅ በተሠራ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ፤ በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ከቶ አይደረግ። ስንት ሕፃን ውሃ መስሎት ጠጥቷል።

መ. ፀረ ተባይ መድኃኒት በተቆለፈ ሣጥን ይሁን። እህልና ማዳበሪያ ከቤንዚን ጋር በአንድ ቤት አይቀመጡ።

ሠ. በበሩ አጠገብ ደረቅ አሸዋ የሞላ ሁለት ባልዲ ይኑር። የቤንዚን እሳት በውሃ አይጠፋም፤ ውሃው ያንሳፍፈውና ያሰፋዋል። በአሸዋ ይታፈናል።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በሚሰጡበት ጊዜ ገበሬዎቹን በአንድ ግቢ ሰብስበው በችካልና በሲባጎ 4 ሜትር ተኩል በ6 ሜትር ያስወጥሩ፤ ሰያፉንም ያስለኩ። ባልና ሚስት አብረው እንዲገኙ ያድርጉ፤ ያለ ሚስት የወጣ የቤት በጀት ግማሽ በጀት ነው። የዋጋውን ዝርዝር ባዶ ትተው እያንዳንዱ በራሱ ገበያ እንዲሞላው ይስጡ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በግቢዎ ነፋስ ከወዴት ወደ ወዴት ይነፍሳል? የመኪናው ቤት የት ቢሆን ይሻላል?

2. ርዝመቱ 4 ሜትር ተኩል ለሆነ ቤት ስንት የጣራ ቆርቆሮ ያስፈልጋል? (መልስ፦ 21)

3. የዕቃና የሥራ ድምር 120,000 ብር ቢሆን፣ ከመቶ 15 መጠባበቂያው ስንት ነው? ጠቅላላውስ? (መልስ፦ 18,000 ብር፤ 138,000 ብር)

4. የእርስዎ ቤተ ሰብ የማይነካ ገንዘብ ዝርዝር ምን ምን ነው? ዛሬ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው ይጻፉት። አናጢውን የሚጠሩት ያ ዝርዝር ካለቀ በኋላ ይሁን።